ፎቶግራፍ ይዋሻልን?

አንድ ሰው ያላየውን ነገር አየሁ ብሎ ቢናገር ውሸታም እንደሚባል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ነገር ግን ካሜራው እርሱ በዓይኑ ያላየውን አይቶ ቢያሳየውና እርሱም ያንን ለወዳጆቹ ቢያሳይ ምን ይባላል? የአንዱን ሌሊት ሰማይ ከሌላው ሌሊት ምድር ጋራ በአንድ ወረቀት ላይ አጋጥሞ «እነሆ፥ ያየሁት ይህ ነው» ቢልስ? እኔ ይህን ጥያቄ ዕድሜዬ ስልሳን እስኪያልፍ ድረስ ሥራ የፈታ ሰው ክርክር አድርጌ እቈጥረው ነበር። ልጆቼ ሆይ፥ እንዴት የራሴ ጥያቄ እንደ ሆነና እንዴት እንዳሳፈረኝ ልንገራችሁ።

የሳይንስ አስተማሪ ነበርሁ። በጡረታ የወጣሁት በ2012 ዓ.ም. ሲሆን፥ ያ ዓመት ወረርሽኙ ተማሪ ቤቶችን ሁሉ የዘጋበት ስለ ነበረ ተማሪዎቼን እንኳ ደኅና ሁኑ ሳልላቸው ቀረሁ። በዚያው ዓመት ሰኔ 14 ቀን፥ እሑድ በማለዳ፥ ጨረቃ ፀሐይን ጋረደቻት። በላሊበላና በአካባቢው የነበሩት ሰዎች ፀሐይ የእሳት ቀለበት ሆና አዩአት፤ እኔ በምኖርበት በደብረ ብርሃን ግን የተጋረደችው በከፊል ነበር። ለዓይኔ ስለ ፈራሁ ቀና ብዬ አላየሁም፤ ፊቴን ወደ ቤቴ ግድግዳ መለስሁ። በደጄ ባለው ዛፍ ቅጠሎች መካከል እየሾለከ የመጣው ብርሃን በግድግዳው ላይ ቍጥር የሌላቸው ትናንሽ ማጭዶች ሥሎ አገኘሁት። እያንዳንዱ ማጭድ የተጋረደችው ፀሐይ መልክ ነበረ። በቅጠልና በቅጠል መካከል ያለችው ጠባብ ቀዳዳ የፀሐይን መልክ ገልብጣ በግድግዳው ላይ ታሳርፋለች፤ ካሜራ ማለትም ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም፤ ጨለማ ሣጥን፥ አንዲት ቀዳዳ፥ ብርሃን የሚያርፍበት ገጽ ነው። ይህን ነገር ለሠላሳ ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስሥለው ኖሬ፥ በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ዕለት ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ካጠራቀምኋት ገንዘብ ላይ አንሥቼ ሌላ ሰው የተገለገለበት ካሜራና ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ገዛሁ። ባለቤቴ «ሰው በዚህ ዕድሜው ምርኩዝ ይገዛል እንጂ የካሜራ እግር ይገዛል?» አለችኝ።

የደብረ ብርሃንን ስም ታሪክ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በዚያ አገር ሳሉ በሰማይ ላይ ብርሃን ታየ፤ እርሳቸውም ቤተ ክርስቲያን አሳንጸው ስፍራው ደብረ ብርሃን ተባለ። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ያ ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ብለው ይገምታሉ። ዛሬ ግን የፋብሪካውና የመንገዱ መብራት ስለ በዛ፥ ከተማው ስሙን ያገኘበትን ሰማይ ለማየት የሚሻ ሰው ከከተማው መውጣት አለበት። እኔም በመጀመሪያ በቀን ብቻ እየወጣሁ የአገሩን ገጽ አነሣ ነበር፤ የገብሱን ክምር፥ ገና ሳይረገጥ የሚያድረውን ውርጭ፥ ከጣርማ በር ላይ ቁልቁል የሚታየውን ገደልና ከሥሩ የሚፈላውን ጉም። አንድ ሜዳ ጧትና ማታ ሁለት ሜዳ መሆኑን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ሌሊቱ ወሰደኝ። ጨረቃ የማትኖርበትን ሌሊት በቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት እያደረግሁ፥ እንደ ደመወዝ ቀን እጠብቀው ጀመር። የዚያን አገር ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የካሜራው ባትሪ ከእኔ ይልቅ ይፈራዋልና ትርፉን ባትሪ በብብቴ አቅፌ እቀመጣለሁ። ጤዛ መነጽሩን ሲሸፍነው እጠርጋለሁ፤ ጅብ ሲጮኽ ደግሞ ቍልፉን መጫን እረሳለሁ።

የሌሊት ፎቶግራፍ የሚነሣው እንዲህ ነው። በቀን ብርሃን ካሜራው ዓይኑን የሚከፍተው ለመቶኛ ሰከንድ ያህል ነው፤ በሌሊት ግን ሃያ ሰከንድ ያህል ከፍቶ ይጠብቃል። ከዚያ ብዙ ቢያልፍ ምድር ስለምትዞር ከዋክብቱ ነጥብ መሆናቸው ቀርቶ ጭረት ይሆናሉ። የሰው ዓይን ብርሃንን ሊያጠራቅም አይችልም፤ ካሜራው ግን ከምንጭ ሥር እንደ ተቀመጠ እንስራ ጠብታ በጠብታ ይሞላል። በመጋቢት ወር ንጋት ሳይቀርብ ፍኖተ ሐሊብ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ሲወጣ ለዓይኔ እንደ ስስ ጢስ ሆኖ ነበር የታየኝ፤ በካሜራው ጀርባ ላይ ግን ጥቋቁር ወንዞች የሚያቋርጡት፥ ቀላ ያሉ ደመናዎች ያሉበት ታላቅ ጎዳና ሆኖ ወጣ። ይህ ሁሉ ከራሴ በላይ ኖሮ ነው ስልሳ ዓመት ሙሉ ያላየሁት ብዬ ደነገጥሁ።

ታዲያ ዓይኔ ያላየው ይህ ቀለም ውሸት ነውን? አይደለም። በጨለማ የሚሠራው የዓይናችን ክፍል ቀለም አይለይም፤ ቀለሙ ግን በዚያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1883 አንድሩ ኮመን የተባለ እንግሊዛዊ፥ ሙያው መሐንዲስነት ሆኖ ከዋክብትን ግን ስለ ፍቅር ብቻ የሚመለከት ሰው፥ በግቢው በተከለው ቴሌስኮፕ የኦሪዮንን ደመና ፎቶግራፍ ቢያነሣ፥ ለሰው ዓይን የማይታዩ ከዋክብት በሥዕሉ ላይ ተገኙ። ከዋክብቱ ነበሩ፤ የጎደለው የእኛ ዓይን ነበር። ከእርሱም በፊት በ1820ዎቹ ዓመታት ፈረንሳዊው ኒሴፎር ኒዬፕስ በመስኮቱ ያነሣው የጣራና የግቢ ሥዕል፥ እስከ ዛሬ ከተረፉት የካሜራ ሥዕሎች ሁሉ ቀዳሚ የሚባለው፥ ለመነሣት ብዙ ሰዓት ስለ ፈጀ ፀሐይ በሕንጻዎቹ በቀኝም በግራም አብርታ ትታያለች። ማንም ሰው በአንድ ጊዜ እንዲህ አድርጎ አላየም። ሆኖም ሥዕሉ ጧቱንና ከሰዓት በኋላውን በአንድነት ያዘ እንጂ ያልነበረ ፀሐይ አልፈጠረም።

እንዲያውም ነገሩን ጠለቅ ብሎ ላሰበው፥ ሰማይ ያለበት ሥዕል ሁሉ የብዙ ዘመን ሥዕል ነው። በኅዳር ወር ባነሣሁት አንድ ፎቶግራፍ ላይ ከሩቅ ያለ የገበሬ ቤት እሳት ይታያል፤ ያ ብርሃን የዚያች ቅጽበት ነው። ሲርየስ የተባለው ኮከብ ብርሃን ግን ከስምንት ዓመት በፊት የተነሣ ነው። የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ብርሃንማ ወደ እኔ ካሜራ ጕዞ ከጀመረ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ያህል ዓመት ሆኖታል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ሌሊት መጥተው በአንዲት ወረቀት ላይ አረፉ፤ እኔም ሥዕሉን «ኅዳር» ብዬ ጻፍሁበት። ውሸት አልጻፍሁም።

ስለዚህ ከጓደኞቼ አንዱ፥ እርሱም ጡረተኛ አስተማሪ ነው፥ «ካሜራ አይዋሽም» እያለ ሲከራከር በልቤ እስማማ ነበር። አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ይከነክነኝ ነበር።

በ1962 ዓ.ም. የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ በሚሲዮን ተማሪ ቤት እማር ነበር። ለዚያ ተማሪ ቤት ያለብኝ ውለታ ብዙ ነው፤ ሒሳብን፥ እንግሊዝኛን፥ ከዋክብትም ስም እንዳላቸው የተማርሁት በዚያ ነው። አንድ ቀን ወደ ውጭ አገር ለረጂዎች የሚላክ ፎቶግራፍ ለመነሣት ተሰለፍን። አባቴ በዚያ ሳምንት አንድ በግ ሸጦ ሸራ ጫማ ገዝቶልኝ ነበርና ሰው እንዲያይልኝ ከፊት ቆምሁ። ካሜራውን የያዘው ሰው ጫማ ያደረግነውን ልጆች እየለየ «አውልቁ» አለን። አወለቅን። ጫማዬን ከዛፉ ሥር አኑሬ በባዶ እግሬ ተነሣሁ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ በዚያ ሥዕል በመጣው ገንዘብ ደብተር ተገዝቶልን ይሆናል። ነገር ግን በዚያ ሥዕል ላይ አባቴ የለም፤ በጉም የለም። ሥዕሉን ያዩት ሰዎች አባቴ ለልጁ ጫማ የማይገዛ ሰው መስሏቸው ኖሩ።

ልብ በሉ፤ በዚያ ፎቶግራፍ ላይ ምንም የተቀጠለ ነገር የለበትም። በአንድ ስፍራ፥ በአንዲት ቅጽበት የተነሣ ነው፤ ባዶ እግሮቻችንም እውነተኛ ባዶ እግሮች ነበሩ። ይሁን እንጂ ከፎቶግራፍ ሁሉ ውሸታሙ እርሱ ነው ብዬ እፈርድ ነበር፤ የራሴን እስክሠራ ድረስ።

ከከተማው ወጣ ብሎ በጽድ የተከበበች፥ በኮረብታ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። ከበታቿ ባለው ሜዳ ቆማችሁ ስታዩአት ፊታችሁ ወደ ሰሜን ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. አንድ የመጋቢት ምሽት የጎረቤቴን ልጆች፥ የአሥራ ሦስት ዓመቷን ልጅና ታናሽ ወንድሟን፥ ከአባታቸው ጋራ ወደዚያ ወስጄ የሰሜንን ኮከብ አሳየኋቸው። ከታላቁ ድብ ዳርቻ ባሉት በሁለቱ ከዋክብት መካከል ያለውን ርቀት አምስት ጊዜ ያህል ብታስረዝሙት ትደርሱባታላችሁ። በእኛ አገር ዝቅ ብላ ነው የምትታየው። ደብረ ብርሃን ከምድር ወገብ ያለው ርቀት አሥር ዲግሪ ስለማይሞላ፥ ኮከቧም ከአድማስ ከፍ የምትለው ያንኑ ያህል ነው፤ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ የጨበጣችሁት እጅ ያህል። ልጅቷ ጭብጧን በአድማሱ ላይ አስቀምጣ ለካች፤ ኮከቧ ከቤተ ክርስቲያኗ መስቀል ጥቂት ከፍ ብላ ነበረች። ይህን ሁሉ በደብተሯ ሥላ ያዘች።

እኔ ግን ያችን ቤተ ክርስቲያን ፍኖተ ሐሊብ በላይዋ ተዘርግቶ ላያት ተመኘሁ። የፍኖተ ሐሊብ ደማቅ ክፍል በእኛ ሰማይ የሚያልፈው በደቡብ በኩል ነው፤ በሰሜን በኩል ከቶ አይቆምም። ይህንንም አሳምሬ አውቅ ነበር። አንድ ቀን በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጬ፥ በደቡብ ምሥራቅ ያነሣሁትን ሰማይ ቈርጬ በሰሜን ባነሣኋት ቤተ ክርስቲያን ላይ አጋጠምሁት። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም። ሥዕሉ አማረ፤ እጅግ አማረ። በትልቁ አሳትሜ በመስታወት ካስገባሁት በኋላ ቀድሞ አስተምርበት ለነበረው ተማሪ ቤት ቤተ መጻሕፍት ሰጠሁ። ርእሰ መምህሩ በተማሪዎች ፊት «መምህራችን የአገራችንን ሰማይ አሳዩን» ብለው አመሰገኑኝ። እኔም እጅ ነሣሁ።

ሰዉ ሁሉ ከወጣ በኋላ ያቺ ልጅ ቀርታ ሥዕሉን ትመለከት ነበር።

«ጋሼ፥ ይህን ሲያነሡ ፊትዎ ወዴት ነበር?» አለችኝ።

«ወደ ሰሜን ነዋ! ቦታውን ታውቂው የለም እንዴ?»

«ታዲያ የሰሜን ኮከብ ወዴት ሄደች?»

እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ጊዜ አልነበረኝም። እኔ ግን ብዙ ዓመት በክፍል ውስጥ የኖረውን ድምፄን አውጥቼ «በፍኖተ ሐሊብ ብርሃን ተውጣ ነው፤ ካሜራ እንዲህ ያደርጋል» አልኋት። «እሺ፥ ጋሼ» ብላ ሄደች።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ ብል እንደገና መዋሸት ይሆንብኛል፤ ደኅና አድርጌ ተኛሁ። ነገሩ የቆረቆረኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ልጅቷ ሒሳብ እንዳስረዳት ወደ ቤቴ መጥታ ደብተሯን ስትገላልጥ የዚያን ምሽት ሥዕል አየሁት። ቤተ ክርስቲያኗ አለች፤ ጽዶቹ አሉ፤ ከመስቀሉ በላይ ግን ወረቀቱ በላጲስ ተፍቆ ሳስቶ ነበር። «ምን ነበረ እዚህ ላይ?» ብላት፥ «የሰሜን ኮከብ ነበረች፤ ተሳስቼ ነው» አለችኝ።

በቤተ መጻሕፍቱ የተሰቀለው ሥዕል በራሱ ማንንም አልጎዳም ይሆናል። እኔ ግን ይህች ልጅ በዓይኗ ያየችውን፥ በጭብጧም የለካችውን ነገር በእኔ ቃል ምክንያት እንድትክድ አደረግሁ። ያ ሰው ጫማዬን ቢያስወልቀኝ፥ ፎቶግራፉ ካለቀ በኋላ ጫማዬን መልሼ አጠለቅሁ።

እንግዲህ ወሰኑ የት ነው? አንዳንድ ሰዎች ሥዕልን ከሥዕል መቀጠል ሁሉ ውሸት ነው ይላሉ፤ አልቀበለውም። ከዋክብት በሰሜን ኮከብ ዙሪያ ክብ ሲሠሩ የሚያሳየውን ፎቶግራፍ የምናገኘው በአንድ ሌሊት ከአንድ ስፍራ ሳንነቃነቅ ያነሣናቸውን መቶ ሁለት መቶ ሥዕሎች ደራርበን ነው፤ ያም ሰማይ በዚያ ሌሊት ያደረገውን ነው የሚናገረው። ሌሎች ደግሞ ፎቶግራፍ ጥበብ ነውና ሠዓሊን ማን ይጠይቀዋል ይላሉ። ይህን ምክንያት እኔም ለራሴ ጥቂት ቀን ያህል ሰጥቼው ነበር። ነገር ግን ሠዓሊ የሣለውን የሚያይ ሰው ብሩሹን አይረሳም፤ ፎቶግራፍ የሚያይ ሰው ግን ብርሃኑ ራሱ ጻፈው ብሎ ያምናል። እኔም የተመሰገንሁት በዚያ እምነት ነው።

አንሰል አዳምስ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1941 በኒው ሜክሲኮ ሄርናንዴዝ በምትባል መንደር ጨረቃ ስትወጣ፥ ከበታቿም የመቃብር መስቀሎች በፀሐይ የመጨረሻ ብርሃን ሲያበሩ አየ። የብርሃን መለኪያውን ፈልጎ ስላጣ የጨረቃን ብርሃን መጠን ከሚያውቀው አስቦ አንድ ጊዜ አነሣ፤ ሁለተኛ ሊያነሣ ሲል ብርሃኑ ከመስቀሎቹ ላይ ሄደ። በኋለኞቹ ዓመታት ሥዕሉን ሲያትም ሰማዩን ይበልጥ እያጠቈረው ሄደ። ይህን ግን አልሸሸገም፤ እንዴት እንደ ሠራው ራሱ በመጽሐፍ ጽፎታል። የተነሣበትን ጊዜ ረስቶ በየጊዜው ልዩ ልዩ ዓመት ይሰጠው ነበር። ከሞተ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1991፥ ዴኒስ ዲ ቺኮ የተባለ የሥነ ፈለክ ሰው ጨረቃዋ በሥዕሉ ላይ ከቆመችበት ቦታ ተነሥቶ ቢያሰላ፥ ኖቬምበር 1 ቀን 1941፥ በእኛ አቈጣጠር ከቀኑ በ10 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ሆኖ ተገኘ። አዳምስ ሰማዩን ቢያጠቍርም ጨረቃዋን ከቦታዋ አላነቃነቃትም፤ ስለዚህ ባለቤቱ የረሳውን እርሷ መሰከረች። እኔ ሰማይ እንዲህ ያለ ምስክር መሆኑን እያወቅሁ ምስክሩን ከደቡብ ወደ ሰሜን አዛወርሁት፤ በአንዲት ልጅ ጥያቄም ተያዝሁ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሥዕል ለሰው ከመስጠቴ በፊት ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ የቆምሁበትን አቅጣጫና ያደረግሁትን ሁሉ በጀርባው እጽፋለሁ፤ ሥዕሉን አመስግኖ የሄደ ሰው ያን ጽሕፈት አንብቦ ተታለልሁ ይል እንደ ሆነም ራሴን እጠይቃለሁ። «ሃያ ሰከንድ ተከፍቶ ቆየ» ብዬ ብጽፍ ማንም አይቈጣም። «ሁለት መቶ ሥዕል ደራረብሁ» ብልም እንዲሁ። «ደቡብን ከሰሜን ጋራ አጋጠምሁ» ብል ግን የርእሰ መምህሩ ምስጋና በቦታው አይቆምም። «ጫማቸውን አስወልቄ» ተብሎ በዚያ በድሮው ሥዕል ጀርባ ቢጻፍስ ኖሮ? ይህ መለኪያ ሁሉን ነገር ይፈታልኛል አልልም። አንድ ጊዜ ከጣርማ በር ባነሣሁት ሥዕል ላይ የኤሌክትሪክ ምሰሶ አጥፍቻለሁ፤ በጀርባው ጽፌዋለሁ፤ ቢሆንም ደግ አደረግሁ ወይስ አላደረግሁም እያልሁ እስከ ዛሬ አልቈረጥሁም። ምሰሶው ለዚያ መንደር ብርሃን ያመጣ ምሰሶ ነውና።

ወደ ልጅቷ ሄድሁ። በእኛ አገር ሽማግሌ ልጅን ይቅርታ መጠየቅ አልተለመደም፤ ቃሉ ከጉሮሮዬ እንዲወጣ ሁለት ጊዜ ቡና መጠጣት አስፈለገኝ። ሥዕሉን እንዴት እንደ ቀጠልሁት፥ ኮከቧም በብርሃን እንዳልተዋጠች፥ ስጠይቂኝም አውቄ እንደ ዋሸኋት ነገርኋት። ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ ሳላጠፋት ለምን አልነገሩኝም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ርእሰ መምህሩንም ሥዕሉ እንዲወርድ ለመንኋቸው። እርሳቸው ሳቁብኝ፤ «እንግዶች ሁሉ የሚወዱትን ሥዕል ለምን እናወርዳለን? ያምራል እኮ!» አሉ። ስለዚህ ከሥሩ ወረቀት ለጥፌ፥ ሥዕሉ የሁለት ሌሊት ቅጥል መሆኑንና ይህ ሰማይ በዚያች ቤተ ክርስቲያን ላይ ከቶ እንደማይወጣ በእጄ ጻፍሁ፤ ስሜንም ፈረምሁ።

በ2015 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ከልጆቹና ከአባታቸው ጋራ ወደ ሜዳው ተመለስን። ካሜራውን ወደ ሰሜን አቅንተን በየሠላሳ ሰከንዱ እንዲያነሣ ተውነውና እኛ በጋቢ ተጠቅልለን ተቀመጥን። ብርዱ ሁለቱንም ባትሪ ስለ ጨረሰ ከአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ በኋላ ቆመ። የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ፥ ዱላቸውን ይዘው አብረውን የተቀመጡ ሽማግሌ፥ በማግሥቱ ሥዕሎቹን ደራርቤ ያወጣሁትን ሳሳያቸው ብዙ ተመለከቱት። ክቡ ሩብ እንኳ አልሞላም፤ ከዋክብቱ ሁሉ አጭር አጭር ቅስት ሆነዋል፤ ከመስቀሉ በላይ አንዲቷ ብቻ እንደ ነጥብ ቀርታለች። «ይቺ መካከል ያለችው ያቺ የማትሄደው ናት?» አሉኝ። አዎን አልኋቸው። «እኔ በእርሷ ነው የምጠብቀው፤ ሌሎቹ በእርሷ ዙሪያ ሲዞሩ ሌሊቱ የት እንደ ደረሰ አውቃለሁ» አሉ። ልጅቷ ይህን ሰምታ ደብተሯን አወጣችና በፋቀችው ስፍራ ላይ እንደገና ልትነጥባት ብትሞክር፥ ወረቀቱ ሳስቶ ነበርና እርሳሱ በሳው።

ሁለቱ ሥዕሎች ዛሬ በቤተ መጻሕፍቱ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። ተማሪዎቹ ብዙ የሚቆሙት በቀድሞው ፊት ነው። ከሥሩ የጻፍሁትንም አንዳንዶቹ ያነባሉ።